ስሕተት የሚያርም ራም አመራረጥ፦ ጎንደር ላይ ለግል ኮምፒውተር

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በግል ኮምፒውተራቸው ላይ ቢጠፋ ተመልሶ የማይገኝ ሥራ ለሚያስቀምጡ ሰዎች ነው፤ የብራና መጻሕፍትን ፎቶግራፍ ለሚሰበስቡ፣ የጥናታቸውን መረጃ በሰንጠረዥ ለሚይዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን፣ የጥምቀትንና የሠርግን ቪዲዮ ለሚያቀናብሩ፣ የዕድር ወይም የማኅበር ሒሳብ ለሚመዘግቡ። እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ሰው ኮምፒውተር ሲገዛ ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነትና ስለ ራሙ (በሥራ ላይ ያለውን መረጃ ለጊዜው ስለሚይዘው ክፍል) መጠን ይጠይቃል እንጂ ራሙ የተሰጠውን መረጃ ሳይለውጥ የሚመልስ መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ ይኑረው አይኑረው አይጠይቅም። እኔም አልጠይቅም ነበር።

አንድ ክረምት የብራና ገጾችን ፎቶግራፍ ከአንድ ሃርድ ዲስክ ወደ ሌላ ገልብጬ የዋናውንና የቅጂውን የማረጋገጫ ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት በስሌት የሚወጣ ቁጥር) ሳስተያይ፣ ከብዙ ሺህ ፋይሎች መካከል ሦስቱ አልገጥም አሉ። ሥራውን ስደግመው እነዚያ ሦስቱ ገጠሙና ሌሎች ሁለት ሳቱ። ሃርድ ዲስኩን ጠርጥሬ ቀየርሁ፤ ገመዱንም ቀየርሁ፤ የተለወጠ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ ሳካሂድ፣ ከሁለቱ ራሞች አንዱ በጥቂት አድራሻዎች ላይ የተሰጠውን 1 አልፎ አልፎ 0 አድርጎ እንደሚመልስ ታየ። ራሙን አውጥቶ መጣል ቀላል ነበር። ያሳዘነኝ፣ በቀደሙት ወራት በዚያው ራም በኩል አልፈው ከተቀመጡት ፎቶግራፎች የትኞቹ እንደተነኩ ማወቅ አለመቻሌ ነው። ኮምፒውተሩ አንድም ቀን አልቆመም፤ አንድም ማስጠንቀቂያ አላወጣም። ስሕተት የሚያርም ራም፣ በገበያው አጠራር ኢሲሲ ራም፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ዓይነቱ ድምፅ ለሌለው ጉዳት ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ማወቅ

ባለ 16 ጊጋባይት ራም ወደ 137 ቢሊዮን የሚጠጉ ቢቶችን ይይዛል፤ እያንዳንዱ ቢት በጣም ትንሽ በሆነ የኤሌክትሪክ ክምችት የሚወከል 1 ወይም 0 ነው። ይህን ክምችት የሚያዛቡ ነገሮች ብዙ ናቸው። በ1978 የኢንቴል ተመራማሪዎች በቺፑ መሸፈኛ ውስጥ ከሚገኙ ጥቃቅን ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች የሚወጣ የአልፋ ጨረር ቢትን እንደሚገለብጥ አሳይተዋል፤ ከኅዋ የሚመጣው ጨረር ከባቢ አየርን ሲመታ የሚፈጥራቸው ኒውትሮኖችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የኒውትሮኑ ብዛት በወደብ ከተሞች ካለው ይበልጣል፤ ሆኖም ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ በመሆናችን ከዚያ ላይ ጥቂቱ ይቀነስልናል። ስለዚህ ከፍታውን አጋንኖ መፍራት አያስፈልግም። በተግባር የሚበዛው ጥፋት የሚመጣው ካረጀ ወይም ከመጀመሪያውኑ ደካማ ከሆነ የራም ቺፕ፣ ከቆሸሸ መገናኛና ካልተስተካከለ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው።

በ2009 የጎግል ሰርቨሮች መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የታተመ ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከኮምፒውተሮቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ፣ ከራሞቹም ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ የሚታረም ስሕተት እንደመዘገቡና አንዴ የተሳሳተ ራም ደግሞ የመሳሳት ዕድሉ ከሌላው እጅግ ከፍ ያለ እንደሆነ አሳይቷል። ለእኛ የሚጠቅመው ይህ የኋለኛው ግኝት ነው፤ ስሕተቱ በሁሉም ራም ላይ እኩል የሚዘንብ ሳይሆን ጥቂት ታማሚ ራሞች ላይ የሚከማች ከሆነ፣ ታማሚው የትኛው እንደሆነ የሚነግር ኮምፒውተር መያዝ ግማሹ መፍትሔ ነው።

ማረሚያው የተመሠረተው የቤል ላቦራቶሪው ሪቻርድ ሃሚንግ በ1950 ባሳተመው የሒሳብ ዘዴ ላይ ነው። ተራ ራም በአንድ ጊዜ 64 ቢቶችን ያቀብላል፤ ኢሲሲ ራም በእነዚህ ላይ 8 የመቆጣጠሪያ ቢቶችን ጨምሮ 72 ያቀብላል። ነገሩን ለመረዳት 64 ሰዎች በረድፍ አሉ፣ እያንዳንዱም ወይ ቆሟል ወይ ተቀምጧል እንበል። 8 ቆጣሪዎች ተመድበው እያንዳንዱ ቆጣሪ በድርሻው ካሉት ሰዎች መካከል የቆሙት ቁጥር ተጋማሽ ይሁን ኢተጋማሽ ይጽፋል፤ ድርሻዎቹም ሆን ተብሎ የተደራረቡ ናቸው። በኋላ አንድ የተቀመጠ ሰው ቢነሣ፣ እርሱ በድርሻቸው ውስጥ ያለባቸው ቆጣሪዎች ብቻ ከጻፉት የተለየ ውጤት ያገኛሉ፤ ልዩነት ያገኙት ቆጣሪዎች እነማን እንደሆኑ ሲታይም የተነሣው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃልና ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁለት ሰዎች ባንድ ጊዜ ቢለወጡ ማን እንደተለወጠ መለየት አይቻልም፤ ነገር ግን ችግር መኖሩ ይታወቃል፤ በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ የተበላሸውን መረጃ ከሚያስቀምጥ ይልቅ ሥራውን ያቆማል። ይህን ቆጠራ የሚያካሂደው ራሙ ሳይሆን በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሚሞሪ (የራም) ተቆጣጣሪ መሆኑን በተለይ ልብ ይበሉ፤ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

የአንዲት ቢት መገልበጥ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለማሳየት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ2003 በቤልጂየም የሆነው ነው። በብራሰልስ ስካርቤክ በተባለው ክፍል በተካሄደ የኤሌክትሮኒክስ ምርጫ አንዲት ተወዳዳሪ ልክ 4,096 ትርፍ ድምፅ ተቆጠረላት። ቁጥሩ 2 ለ12 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ የሚገኝ ነው፤ ይኸውም የአንዲት ቢት ዋጋ ማለት ነው። መርማሪዎቹ በፕሮግራሙ ላይ ጥፋት ስላጡ ምክንያቱን በሚሞሪ ውስጥ በራሷ ለተገለበጠች ቢት ሰጡት። ጉዳዩ የተገኘው የድምፁ ብዛት ሊሆን ከሚችለው በላይ ስለነበረ ብቻ ነው። በዕድር መዝገብ ላይ ያለ 150 ብር 158 ቢሆን ግን ማን ያስተውላል?

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት

የሥራዎ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሌለ በቅድሚያ ያንን ይግዙ። መብራት በድንገት ሲጠፋ ኮምፒውተርዎ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ይቀድማል፤ ኢሲሲ ራም በራሙ ውስጥ የተገለበጠችውን ቢት ይመልሳል እንጂ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት የተቋረጠበትን ፋይል አያድንም። እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ በኋላ ኢሲሲ ተገቢ ሦስተኛ ወጪ ነው፤ ምክንያቱም የተበላሸ ፋይል በትክክል ቢገለበጥ ቅጂውም የተበላሸ ይሆናል።

አንደኛ፦ ፕሮሰሰሩንና ማዘርቦርዱን ማጣራት

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ራሙን አስቀድሞ በመግዛት ነው። ኢሲሲ ራም ሥራውን የሚሠራው ፕሮሰሰሩም፣ ማዘርቦርዱም (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ)፣ ባዮሱም (ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ሲደግፉት ብቻ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ካልደገፈው ኮምፒውተሩ ወይ አይነሣም ወይም ይነሣና ትርፎቹን ቢቶች ችላ ብሎ እንደ ተራ ራም ይጠቀምበታል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስባል፤ ባለቤቱ ሳይጠበቅ ተጠብቄያለሁ ብሎ ያምናልና።

በጎንደር ሱቆችና ቢሮዎች በብዛት የሚገኙት ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ኤችፒ ኤሊትዴስክ ኮምፒውተሮች ኢሲሲን አይደግፉም። ይህን ከሻጩ ጋር መከራከር ዋጋ የለውም፤ ቺፕሴታቸው (በማዘርቦርዱ ላይ ያለው አስተባባሪ ቺፕ) ለዚህ አልተሠራም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ያለው ሰው የሚያስፈልገው ራም መቀየር ሳይሆን ኮምፒውተር መቀየር ነው፤ ያ ካልተቻለም ከታች በተገለጸው መፈተሻ ያለውን ራም በየጊዜው መፈተሽ ነው።

በእኔ አስተያየት ለዚህች ከተማ ነዋሪ የተሻለው መንገድ ያገለገለ ወርክስቴሽን መግዛት ነው። ወርክስቴሽን ከውጭ ሲታይ ከተራ ዴስክቶፕ ብዙም አይለይም፤ ነገር ግን ለመሐንዲሶችና ለተመራማሪዎች ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ኢሲሲን እንዲደግፍ ታስቦበታል። ከዴል ፕሪሲሽን ቲ1700፣ ከኤችፒ ዜድ230ና ዜድ240 በመጠናቸውም በኃይል ፍጆታቸውም ለቤት የሚመቹ ናቸው፤ ከፍ ያለ ሥራ ላለው ደግሞ ኤችፒ ዜድ420፣ ዜድ440 ወይም ዴል ፕሪሲሽን ቲ5810 አሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር ነገር አለ። ዜድ240 ሲገዙ በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ዚየን ኢ3 (ኢንቴል ለሰርቨርና ለወርክስቴሽን የሠራው) ከሆነ ኢሲሲ ይሠራል፤ ኮር አይ3-6100 ከሆነም ይሠራል፤ ኮር አይ7-6700 ከሆነ ግን አይሠራም። ኢንቴል በእነዚያ ዓመታት ይህን አገልግሎት ከአይ5ና ከአይ7 ላይ አንሥቶ በዚየንና በአንዳንድ አይ3ዎች ላይ ስለተወው፣ ዋጋው ከፍ ያለው ፕሮሰሰር ለዚህ ጉዳይ ከርካሹ ያንሳል። ስለዚህ «ወርክስቴሽን ነው» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምተው አይክፈሉ፤ ኮምፒውተሩ ተከፍቶ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስምና ቁጥር በስክሪኑ ላይ እንዲታይ ይጠይቁ፣ ያንን ቁጥር ይዘው በኢንቴል የምርት ገጽ ላይ የኢሲሲ ድጋፍ በሚለው ረድፍ «አዎ» መባሉን ያንብቡ። ከ12ኛው ትውልድ ጀምሮ ብዙዎቹ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ይደግፋሉ፤ ነገር ግን ደብሊው680ን የመሰለ ለወርክስቴሽን የተሠራ ቺፕሴት ይፈልጋሉ፤ ያ ያለበት ማዘርቦርድ ደግሞ በእኛ ገበያ ብርቅ ነው።

አዲስ ኮምፒውተር ገጣጥመው መሥራት ለሚሹ የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ቀለል ያለ መንገድ ይሰጣሉ። በኤኤም4 መሰኪያ ላይ የሚገጠሙትና የራሳቸው ግራፊክስ የሌላቸው ራይዘኖች ኢሲሲን ያስተናግዳሉ፤ በዚሁ መሰኪያ ላይ ስማቸው በእንግሊዝኛው «ጂ» ፊደል የሚያልቀው ግን «ፕሮ» የሚል ተጨማሪ ስም ከሌላቸው አያስተናግዱም። ውሳኔው በማዘርቦርዱ አምራች ላይ ስለሆነ የዚያን ማዘርቦርድ መመሪያ አውርደው ማንበብ ግዴታ ነው፤ «ኢሲሲ ራም ይቀበላል» የሚለው ብቻ አይበቃም፣ «በኢሲሲ አሠራር» የሚል መኖር አለበት። የመጀመሪያው አባባል ራሙ ቢሰካ ኮምፒውተሩ ይነሣል ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም።

ስለ ላፕቶፕ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ኢሲሲ የሚቀበሉ ዚየን ያላቸው ላፕቶፖች አሉ፣ ራማቸውን በአገር ውስጥ ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛ፦ የራሙን ዓይነት መለየት

የራሙ ትውልድ ከማዘርቦርዱ ጋር መግጠም አለበት። ቲ1700፣ ዜድ230ና ዜድ420 ዲዲአር3 ይወስዳሉ፤ ዜድ240፣ ዜድ440ና ቲ5810 ዲዲአር4 ይወስዳሉ። ዲዲአር3 240 እግሮች፣ ዲዲአር4 288 እግሮች ስላሏቸው በስሕተት አይሰኩም። አደጋው ያለው ከዚህ በኋላ ባለው ልዩነት ላይ ነው።

ኢሲሲ ራም ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። አንደኛው ከተራ ራም የሚለየው በተጨማሪ ቺፖቹ ብቻ ሲሆን ዩዲም ይባላል። ሁለተኛው በፕሮሰሰሩና በቺፖቹ መካከል ትእዛዙን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሬጂስተር የተባለ አገናኝ ቺፕ በመሐሉ አለው፤ አርዲም ወይም ሬጂስተርድ ይባላል። ቲ1700፣ ዜድ230፣ ዜድ240ና ዜድ420 ዩዲም ብቻ ይቀበላሉ፤ ዜድ440ና ቲ5810 አርዲም ይጠቀማሉ። ራይዘን ዴስክቶፖች ሁሉ ዩዲም ይፈልጋሉ። በዲዲአር3ና በዲዲአር4 ሁለቱም ዓይነቶች ከአንድ መሰኪያ ጋር በቅርጽ ስለሚገጥሙ ተሳስቶ መሰካት ይቻላል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይነሣም።

ይህን በደረሰብኝ እናገራለሁ። ለዜድ240 ኢሲሲ ራም ስፈልግ አንድ ነጋዴ «የሰርቨር ራም ነው፣ ኢሲሲ ነው» ብሎ ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ሰጠኝ። ያለው እውነት ነበር፤ ራሞቹ ኢሲሲ ናቸው፤ ግን አርዲም ስለነበሩ ኮምፒውተሩ ከመጮህ በቀር ምንም አላደረገም። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተልኮ የመጣን ዕቃ መመለስ ከአዲስ መግዛት በላይ ያደክማል። ስለዚህ ከሩቅ ሲያዝዙ ከክፍያው በፊት የራሙ ሁለቱም ገጽታዎች በግልጽ ፎቶግራፍ ተነሥተው እንዲላኩልዎ ይጠይቁ፤ ቀጥሎ የሚነገረው ምርመራ በፎቶግራፍም ይሠራል።

ከአገልግሎት የወጡ ሰርቨሮች ብዙ ስለሆኑ ያገለገለ አርዲም ከኢሲሲ ዩዲም ይልቅ በርካሽ ይገኛል። ገና ኮምፒውተሩን ያልገዛ ሰው ይህን በስሌቱ ውስጥ ቢያስገባ መልካም ነው፤ ዜድ440 በራሱ ከዜድ240 ቢወደድም፣ 64 ጊጋባይት ሲሞላ ልዩነቱ ሊጠብ ይችላል።

ዲዲአር5 የሚገዙ ሰዎች በአንድ ቃል እንዳይታለሉ ያስፈልጋል። ማንኛውም የዲዲአር5 ቺፕ በውስጡ የራሱ ትንሽ ማረሚያ አለው፤ ሻጮችም ይህን ይዘው «ሁሉም ዲዲአር5 ኢሲሲ ነው» ይላሉ። ያ ማረሚያ የሚሠራው በቺፑ ውስጥ ለተቀመጠው መረጃ ብቻ ነው፤ መረጃው ከራሙ ወደ ፕሮሰሰሩ በሚጓዝበት መንገድ ላይ ቢበላሽ አያየውም፣ ያረመውንም ለዊንዶውስ ወይም ለሊኑክስ አይናገርም። እውነተኛው ኢሲሲ ዲዲአር5 ተጨማሪ ቺፖች ያሉት ሌላ ራም ነው።

ሦስተኛ፦ ራሙን በእጅ ይዞ ማንበብ

ሁለት ምርመራዎች በቂ ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ላይ መስማማት አለባቸው።

የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። በራሙ ላይ ያሉትን እኩል መጠን ያላቸው ትልልቅ ጥቁር ቺፖች ይቁጠሩ፤ ጥቃቅኖቹን አይቁጠሩ። የተለመደው ተራ ራም በአንድ ገጽ 8 ወይም በሁለቱ ገጾች 16 ቺፖች ሲኖሩት፣ የዲዲአር3ና የዲዲአር4 ኢሲሲ ራም 9 ወይም 18 አሉት፤ ትልልቅ አርዲሞች 36 ሊኖራቸው ይችላል። የዲዲአር5 ኢሲሲ ዩዲም አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 20 አሉት። በረድፉ መካከል ከሌሎቹ በቅርጽ የተለየ አንድ ቺፕ ከታየ ያ ሬጂስተሩ ነው፤ ራሙም አርዲም ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ተለጣፊው ጽሑፍ ነው። በዲዲአር3 ላይ ከትልቁ የፍጥነት ቁጥር ቀጥሎ፣ በዲዲአር4 ላይ ደግሞ የፍጥነቱን ቁጥር ከሚከተለው ሰረዝ በኋላ አንድ የላቲን ፊደል ይገኛል። በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ኢ» ከሆነ ኢሲሲ ያለው ዩዲም ነው፤ «አር» ከሆነ አርዲም ነው፤ «ዩ» ከሆነ ማረሚያ የሌለው ተራ ራም ነው፤ «ኤል» ከሆነ በትልልቅ ሰርቨሮች ላይ የሚገባ ሌላ ዓይነት ስለሆነ ይተዉት። ተለጣፊ ሊቀየር ይችላል፤ የቺፕ ብዛት ግን አይቀየርም። ጽሑፉና ቆጠራው ከተጋጩ አይግዙ።

አራተኛ፦ መጠንና ፍጥነት

ለሰንጠረዥና ለጽሑፍ ሥራ 16 ጊጋባይት፣ ለፎቶግራፍና ለቪዲዮ 32 ጊጋባይት ይበቃል። አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት እኩል የሆኑ መግዛት ይመረጣል፤ ፕሮሰሰሩ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ያነባቸዋልና። ቲ1700 ከ32፣ ዜድ240 ከ64 ጊጋባይት በላይ አይወስዱም። ኢሲሲ ፍጥነትን በጥቂቱ፣ ምናልባት በመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ይቀንሳል፤ በሥራ ላይ አይታወቅም። ኢሲሲንና ተራውን ደባልቆ መሰካት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ኮምፒውተሩ ቢነሣም ማረሚያው ይጠፋል።

አምስተኛ፦ መግጠም

ያገለገለ ወርክስቴሽን ከውጭ አገር የመጣ ስለሚሆን አስቀድመው ከበስተኋላው ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅ ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ለእኛ 220 ይስማማል፤ ቀይ መቀየሪያ ካለው በ220 በኩል መሆኑን ሳያረጋግጡ አይሰኩ። የእነዚህ ወርክስቴሽኖች ፓወር ሰፕላይ ቅርጽና ገመድ ብዙ ጊዜ ለራሳቸው ብቻ የተሠራ በመሆኑ ቢቃጠል ከጎንደር ገበያ ምትክ ማግኘት ይከብዳል፤ ያለ ስታቢላይዘር ወይም ያለ ዩፒኤስ እንዳይሠሩበት የምለምነው ለዚህ ነው።

ራሙን ሲገጥሙ የኤሌክትሪክ ገመዱን ይንቀሉ፣ የማስነሻ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ቀሪውን ኃይል ያስወጡ፣ ከዚያም የሳጥኑን ቀለም ያልተቀባ ብረት ይንኩ። በበጋው ደረቅ አየር፣ በተለይ በናይለን ምንጣፍ ላይ ቆሞ የሚሠራ ሰው ሳይታወቀው ራምን የሚያቃጥል ክምችት በእጁ ይይዛል። መሰኪያው ላይ አቧራ ካለ በንጹሕ የቀለም ብሩሽ ያራግፉ፤ የራሙ ወርቃማ እግሮች ከደበዘዙ በነጭ ላጲስ በቀስታ አሻሽተው ፍርፋሪውን ያስወግዱ። ራሙን በሁለቱም ጫፍ እኩል ተጭነው መያዣዎቹ ቀጭ እስኪሉ ድረስ ያስገቡ፤ ሁለት ሲሆኑ የትኞቹ መሰኪያዎች እንደሚቀድሙ ብዙ ጊዜ በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ተሥሎ ይገኛል።

ስድስተኛ፦ መሥራቱን ማረጋገጥ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ኢሲሲ ገዛ እንጂ ኢሲሲ አለው ለማለት አይቻልም።

በመጀመሪያ ወደ ባዮስ ገብተው በሚሞሪ ክፍል ውስጥ ኢሲሲ የሚል ምርጫ ካለ ሥራ ላይ መዋሉን ይመልከቱ፤ «አውቶ» የሚል ከሆነ «ኢነብልድ» ያድርጉት። ከዚያ ሜምቴስት86ን በፍላሽ ላይ ጭነው ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሡ፤ ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ገጹ ላይ ኢሲሲ መኖሩንና መሥራቱን ይገልጻል። ያገለገለ ራም ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ይፈትሹት፤ የተመዘገበ የሚታረም ስሕተት ቢኖር በመግዣው ዋስትና ጊዜ ውስጥ ለመመለስ ይህ ማስረጃዎ ነው።

በሊኑክስ ዲኤምአይዲኮድ የተባለው መሣሪያ የእያንዳንዱን ራም «ጠቅላላ ስፋት»ና «የዳታ ስፋት» ያሳያል። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ከበለጠ፣ ለምሳሌ በዲዲአር4 72ና 64 ከሆነ፣ ተጨማሪዎቹ ቢቶች ታይተዋል ማለት ነው፤ እኩል ከሆኑ ግን ማረሚያው አልበራም። በዊንዶውስ ደብሊውኤምአይ በተባለው የሥርዓቱ መዝገብ ውስጥ የሚሞሪው የስሕተት ማረሚያ ዓይነት በቁጥር ይገለጻል፤ 3 ማለት ማረሚያ የለም፣ 5 ማለት አንድ ቢት የሚያርም አለ፣ 6 ማለት ከአንድ በላይ ቢቶችን የሚይዝ አለ ማለት ነው። ሁለቱም መንገዶች የሚያነቡት ባዮሱ የተናገረውን ነው፤ ባዮስ ደግሞ፣ በተለይ በራይዘን ማዘርቦርዶች ላይ፣ ያልሠራውን ሠራሁ ሊል ይችላል። ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ በሊኑክስ ኢዳክ የተባለው የስሕተት መከታተያ ለዚያ ፕሮሰሰር መጫኑና ለእያንዳንዱ ራም የታረሙና ያልታረሙ ስሕተቶችን ቆጣሪ መክፈቱ ነው።

ፍጹም እርግጠኛ መሆን የሚሻ ሰው ስሕተቱን ሆን ብሎ ሊጠራው ይችላል። ሃርድ ዲስኮቹን በሙሉ ነቅለው ሊኑክስን ከፍላሽ ያስነሡ፤ ማዘርቦርዱ የሚፈቅድ ከሆነ በባዮስ የራሙን ፍጥነት ከተፈቀደለት በላይ ጥቂት ጥቂት እያሳደጉ መፈተሻ ያካሂዱ፤ የታረመው ስሕተት ቆጣሪ ከ0 ሲነሣ ማረሚያው በእርግጥ እየሠራ ነው። ሃርድ ዲስክ እንደተሰካ ይህን ፈጽሞ እንዳይሞክሩ፤ ሊጠብቁት የፈለጉትን መረጃ በገዛ እጅዎ ሊያበላሹት ይችላሉ። ሲጨርሱ ፍጥነቱን ወደ ነበረበት ይመልሱ። የኤችፒና የዴል ወርክስቴሽኖች ይህን ማስተካከያ ባይሰጡም፣ አምራቾቹ በኢሲሲ ድጋፍ የሸጧቸው ስለሆኑ የኢዳክ ቆጣሪ መታየቱ ለእኔ በቂ ነው።

ሰባተኛ፦ መዝገቡን መከታተል

በሊኑክስ ራስዴሞን የተባለውን አገልግሎት ጭነው ያቆዩት፤ እያንዳንዱን የታረመ ስሕተት ከቀኑና ከራሙ ስም ጋር ይጽፋል። በዊንዶውስ በኢቨንት ቪውወር የሥርዓት መዝገብ ውስጥ ዊያ-ሎገር በሚል ስም የሚመዘገቡትን ማስጠንቀቂያዎች በወር አንድ ጊዜ ይመልከቱ። በዓመት አንድ ወይም ሁለት የታረመ ስሕተት ቢያዩ አይደንግጡ፤ ራሙ የተገዛበትን ሥራ ሠርቷል። በአንድ ራም ላይ ብቻ በየሳምንቱ የሚደጋገም ከሆነ ግን ራሙ እየታመመ ነው፤ ዛሬ አንድ ቢት የሳተው ነገ ሁለት ሊስትና ኮምፒውተሩን በሥራ መሐል ሊያቆመው ይችላል።

በዚህ ጊዜ አዲስ ራም ከማዘዝዎ በፊት ሁለቱን ራሞች አውጥተው እግራቸውን ያጽዱና ቦታ ያለዋውጧቸው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ቆጠራው ራሙን ተከትሎ ወደ አዲሱ መሰኪያ ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው፤ ተመሳሳይ ፊደልና ቁጥር ያለው ተክተው ይግጠሙ። በቀድሞው መሰኪያ ላይ ከቀረ ጥፋቱ የማዘርቦርዱ መሰኪያ ነው፤ ያንን መሰኪያ ትተው፣ መመሪያው ሁለት ራሞች ሲሆኑ ሌላ ጥንድ መሰኪያ መጠቀምን የሚፈቅድ ከሆነ በዚያ ይሥሩ። የስሕተቱ ቁጥር መብራት በተናወጠባቸው ቀናት ብቻ የሚጨምር ሆኖ ካገኙት ደግሞ ራሙንም መሰኪያውንም ሳይነኩ በቅድሚያ ፓወር ሰፕላዩንና ዩፒኤሱን ያስፈትሹ።